ካርቶኑ ላይ ያለችው ቃል

የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ለጉንፋንና ለአለርጂ ከምንሸጣቸው ኪኒኖች የብዙዎቹ ካርቶን ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አለች፤ «ድራውዚነስ»። ደንበኞቼ «እንቅልፍ ያመጣል ማለት ነው አይደል?» ብለው ያልፏታል። ሾፌሮች ደግሞ «እኔን መሪ ላይ እንቅልፍ አይጥለኝም» ይሉኛል። ቃሏ የምታስጠነቅቀው ግን ከእንቅልፍ በፊት ስላለው ሰዓት ነው። ሰውየው ዓይኑን እንደገለጠ፣ መሪውን እንደጨበጠ ነው፤ ፍሬን ለመያዝ ግን እግሩ ይዘገያል።

«ድራውዚ» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታየችው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሥሯ «ድሩሲያን» የሚል የጥንት እንግሊዝኛ ግስ እንደሆነ ይታመናል፤ መስመጥ፣ መፍዘዝ ማለት ነው። ይኸው ግስ «ቤዎውልፍ» በተባለው ጥንታዊ የጀግና ግጥም ውስጥ ይገኛል፤ የተነገረው ግን ለሰው ሳይሆን ለውኃ ነው። ጀግናው የሐይቁን ጭራቅ ገድሎ ሲወጣ፣ ሲናወጥ የነበረው በደም የቀላ ውኃ ቀስ እያለ ይረጋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቃሏ ለእኔ ሌላ ክብደት አላት። እኛም «ተጫጫነኝ» ስንል የምንናገረው ስለዚሁ ስሜት ነው፤ ገና አልተኛንም፣ ግን እየሰመጥን ነው።

በመግለጫ ወረቀቱ ላይ «ሶምኖለንስ» የሚል ካገኛችሁ ነገሩ ያው ነው። እሱ የመጣው እንቅልፍ ማለት ከሆነው «ሶምኑስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው።

ድብታው ከየት ይመጣል? አለርጂ ሲነሳ አፍንጫችንን የሚያሳክከውና የሚያፈስሰው ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ሂስታሚን አንጎል ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ንቁ ሆነን እንድንውል ያደርጋል። እንደ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች ከደም ወደ አንጎል ዘልቀው ይገባሉ፤ አፍንጫ ላይ የሚያግዱትን እዚያም ያግዱታል። ኋላ የመጣው ሎራታዲን አንጎል ውስጥ እምብዛም ስለማይገባ ለብዙ ሰው ድብታው ቀላል ነው። ሴቲሪዚንም ከቆዩት ይሻላል፤ ቢሆንም የሚያንጎላጃቸው ሰዎች አሉ።

ስለዚህ «ወንድሜ፣ ዛሬ ትነዳለህ?» ሳልል ኪኒን አልሰጥም። «ማታ ነው የምውጠው» የሚለኝንም ዝም ብዬ አልሸኘውም። የክሎርፌኒራሚን ድብታ እስከ ማግስቱ ጠዋት ሊቆይ ይችላል፤ በላዩ ቢራ ወይም አረቄ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል።