ለማን ነው የምትለጥፉት? ከታዳሚ ዕቅድ ጋር ትውውቅ

የእድር ጥሩምባ ነፊ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ሰው ለሥራ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት መድረስ አለበት። የሚቆምበትን መስቀለኛ መንገድ ለይቶ ያውቃል፤ ከየትኛው ጥግ ቢነፋ የኋላው ግቢ ድረስ እንደሚሰማም ያውቃል። ነፍቶ ጥቂት ይጠብቃል። በር ሲከፈት ሲሰማ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ባጭሩ ተናግሮ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ያመራል። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

ይህ ሰው ለማን፣ መቼ፣ የት ቆሞ፣ ምን ብሎ እንደሚናገር አስቀድሞ ወስኗል። ሰሚው ከሰማ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበትም አያሻማም። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለሚሠራ ሰው እነዚህ አምስት ጥያቄዎች ተመልሰው ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ የታዳሚ ዕቅድ ይባላሉ። ሰነዱ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። ለአንዲት ባልትና ቤት፣ ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ፣ ለአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር እኩል ይሠራል።

ዕቅዱ የሚያስፈልገው ገጽ መክፈት ቀላል ስለሆነ ነው። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ለመጀመር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከመክፈት በቀጥታ ወደ መለጠፍ ይሄዳል። ሳምንት ሙሉ ይለጥፋል፣ ላይኩን ይቆጥራል፣ ሲያንስበት ተስፋ ይቆርጣል። “ሰው አይወድልኝም” ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሥራው ጥሩ ነው፤ ለማን እንደተነገረ ስላልታወቀ ማንም “ለኔ ነው” ብሎ አልቆመለትም።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ታዳሚ አንድ ወጥ ሕዝብ አለመሆኑ ከኢንተርኔት በፊት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ጊዜ የማኅበረሰብ ተመራማሪው ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በኦሃዮ ግዛት ኤሪ ካውንቲ የሚኖሩ መራጮችን ለወራት እየተመላለሱ ጠየቁ። ለማወቅ የፈለጉት ራዲዮና ጋዜጣ የሰውን ምርጫ እንዴት እንደሚለውጥ ነበር። ያገኙት መልስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዳቸው፦ ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚቀበለው ከሚያምነው ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጋዜጣውንና ራዲዮውን በቅርብ የሚከታተለው ያ የሚታመነው ሰው ነው። መልእክት በሁለት እርምጃ ይጓዛል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተወለደ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የሶፍትዌር ንድፍ ባለሙያው አለን ኩፐር ባሳተመው መጽሐፍ ለሙያ አጋሮቹ አንድ ዘዴ አስተዋወቀ። “ተጠቃሚው” የሚባለውን መልክ የለሽ ሰው ትታችሁ፣ ስም፣ ሥራና ፍላጎት ያለው አንድ ሰው ሳሉ፤ ከዚያ ለእሱ ሥሩ አላቸው። “ፐርሶና” የሚባለው ይህ ዘዴ ከሶፍትዌር ወጥቶ ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ ሆኗል።

ሴትየዋን መሳል

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥንና በሶ የምታዘጋጅ አንዲት ባለ ባልትና እንውሰድ። “ደንበኞቼ ሐበሾች ናቸው” ብትል ዕቅዱ እዚያው ያበቃል። ቁጭ ብላ ስትለያቸው ግን ቢያንስ ሦስት ሴቶች ታገኛለች።

የመጀመሪያዋ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር ሠራተኛ ናት። ቤቷ የምትገባው መሽቶ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይበቃታል፤ ማወቅ የምትፈልገው ሽሮው ሳይጓጉል በፍጥነት እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሁለተኛዋ ዋሽንግተን አካባቢ ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። የዓመት በርበሬዋን በሰው ታስመጣለች፤ የሚያሳስባት ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀልበት ነው። ሦስተኛዋ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። ለራሷ ብዙም አትገዛም፤ ለበዓል እናቷ ቤት የሚገባውን አስቤዛ የምትከፍለው ግን እሷ ናት። ስልኳን ዘና ብላ የምትይዘው ሥራ ሲያልቅ ነው፤ ደክሟት ስለሚሆን ከረጅም ጽሑፍ ይልቅ ድምፅ ይቀናታል።

ሦስቱም በርበሬ ያውቃሉ፤ ጥያቄያቸው ግን የተለያየ ነው። ለመጀመሪያዋ አጭር የአሠራር ቪዲዮ፣ ለሁለተኛዋ ከዛላው እስከ ወፍጮው ያለው ሂደት፣ ለሦስተኛዋ “እናትሽ ቤት ደርሷል” የሚል ፎቶ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዳቸው የሚቆጠር ግብ ይቀመጣል፤ “ተከታይ ማብዛት” ሳይሆን “እስከ ፋሲካ 30 አዲስ ትእዛዝ” የሚል። የላዛርስፌልድ ትምህርትም እዚህ ይገባል፦ ዋሽንግተን ያለችው እናት ከማስታወቂያ ይልቅ አብራት የምታስቀድሰውን ጓደኛዋን ታምናለች። ስለዚህ አንዲት የረካች ደንበኛ በራሷ ፈቃድ የላከችው የምስክርነት ድምፅ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ዝም ያሉትን ማዳመጥ

ሰው ከመናገሩ በፊት ማዳመጥ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ማንን እንደምናዳምጥ ይምታታል። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 እንደጻፈው፣ በኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ውስጥ በግምት ከ100 ሰው 90ው አንብቦ ዝም ይላል፤ 9ኙ አልፎ አልፎ ይሳተፋል፤ አብዛኛውን የሚናገረው 1ዱ ነው። ቁጥሩ እንደየቦታው ይለያያል፤ ቁም ነገሩ ግን አይለወጥም። ኮሜንት ላይ የሚጮኸው አንድ ሰው የሁሉም አፍ አይደለም፤ ዝም ያለውም የለም ማለት አይደለም።

ዝምተኛውን ለመስማት መንገድ አለ። ቴሌግራም ላይ መራጩ የማይታወቅበት የድምፅ መስጫ ማውጣት ይቻላል፤ መጻፍ የሚያፍር ሰው አንዴ መንካት አያቅተውም። ዕቃ ሲደርስ ስልክ ደውሎ “እንዴት አገኘሽው?” ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ሳይናገር ለዘመዱ ሼር ያደረገ ሰው መልሱን ሰጥቷል።

የት መቆም፣ መቼ መንፋት

መድረኮቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ቲክቶክ ቪዲዮን ለማያውቁህ ሰዎች ያሳያል፤ ስለዚህ መተዋወቂያ ነው። ፌስቡክም ማን ምን እንደሚያይ በራሱ ስሌት ይመርጣል። የቴሌግራም ቻናል ግን የለጠፍከውን ለተመዘገበው ሁሉ በየተራው ያደርሳል፤ ከሥሩ ባለው የዓይን ምልክትም ስንት ጊዜ እንደታየ ይነግርሃል። ስለዚህ ለባለ ባልትናዋ መንገዱ ግልጽ ነው፦ ቲክቶክ ላይ ትተዋወቃለች፣ ቴሌግራም ላይ ታሰባስባለች፣ ትእዛዙን በቀጥታ መልእክት ትቀበላለች። ሦስት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነገር መደጋገም አይጠበቅባትም።

ሰዓቱ የራሱ ወጥመድ አለው። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ መልእክትን ለሌላ ሰዓት መቅጠር ይቻላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት አስባ 2 ብላ የሞላች ሴት ግን መልእክቷ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይወጣል፤ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነውና 20:00 ማለት ነበረባት። ያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሪያድም 20:00 ነው፤ ዱባይ 21:00፤ ዋሽንግተን በበጋቸው 13:00፣ በክረምታቸው 12:00 ነው። አንድ ልጥፍ አዲስ አበባ ከእራት በኋላ፣ ዋሽንግተን በምሳ እረፍት ይደርሳል ማለት ነው።

ከሰዓቱ በላይ የሚከብደው የቀን መቁጠሪያው ነው። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሲገባ ሽሮና ምስር ተፈላጊ ይሆናሉ፤ በዚያ ሰሞን ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ የሚለጥፍ ሰው ታዳሚውን እንደማያውቅ በገዛ እጁ ይመሰክራል። ረመዳን በፈረንጅ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚዞር በየዓመቱ አዲስ ሒሳብ ይጠይቃል። የሠርግ ወራት፣ የደመወዝ ሰሞን፣ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ሳምንት፣ ረቡዕና ዓርብ ሁሉ በዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ አስቀድመው መግባት አለባቸው።

አንድ ልጥፍ በቅርብ ሲታይ

ባለ ባልትናዋ ፌስታል ውስጥ የታሸገ በርበሬ ፎቶ አንሥታ “ጥራቱን የጠበቀ በርበሬ አለን፤ ይዘዙን” ብላ ለጠፈች እንበል። ከሥር አንዷ “ስንት ነው?” ትላለች። መልሱ “ኢንቦክስ” ይሆናል። ሌላዋም ትጠይቃለች፤ “ኢንቦክስ”። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የሚያየው የተዘጋ በር ነው። ዋጋ ለመጠየቅ የሚያፍሩት ዝምተኞቹ ብዙዎች ናቸው፤ እነሱ በዚያው አልፈው ይሄዳሉ።

አሁን ሌላውን እንይ። ቪዲዮው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሁለት እጆች ዛላ በርበሬ ይቀነጥሳሉ፤ ከኋላ ሰፌድ ላይ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ይታያል። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፦ “ዛሬ የቀነጠስኩት ይህን ነው። ነገ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሐሙስ ወፍጮ ቤት ይዤው እሄዳለሁ። የኪሎው ዋጋ ከሥር ተጽፏል። እናታችሁ ያለዚህ በርበሬ አይባልም የምትለው ቅመም የትኛው ነው?” ኮሜንቱ ይሞላል። አንዷ በሶብላ ትላለች፣ ሌላው ጤና አዳም፤ የጎንደሩ ከሸዋው ጋር ይከራከራል። የተጠየቁት ሁሉም የሚያውቁትን፣ ሁሉም የሚወዱትን ነገር ነው። የተጠየቀውም ስለ እናት ነው፤ ስለ ሻጭዋ አይደለም።

ግልጽ ጥሪ ምን ያህል እንደሚጓዝ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2014 አይቷል። ኤ.ኤል.ኤስ. ለተባለው የነርቭ በሽታ ድጋፍ ለማሰባሰብ ሰዎች በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ በራሳቸው ላይ እያፈሰሱ ቪዲዮ ለጠፉ። ደንቡ አጭር ነበር፦ አፍስስ ወይም ለግስ፣ የጓደኞችህን ስም ጥራ፣ 24 ሰዓት ስጣቸው። በአሜሪካ ያለው የበሽታው ማኅበር በጥቂት ሳምንታት 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ጥሪው ከድርጅት ሳይሆን ስምህን ከሚያውቅ ወዳጅ መምጣቱ ነው ሰውን ያስነሣው።

ጥሪው መልስ ሲያመጣ ደግሞ የአፍ አመል ይፈተናል። በአማርኛ “አንተ”፣ “አንቺ” እና “እርስዎ” አንድ አይደሉም። የእናትን ዕድሜ የምታክል ሴት “በርበሬው ቀረብኝ እንዴ?” ብላ ስትጽፍ “አልቀረብሽም” ከማለት “አልቀረብዎትም እማማ” ማለት ደንበኛ ያደርጋል። ለወጣቷ “እህቴ” ይበቃታል። ማን ለማን እንዴት እንደሚመልስ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመልስ፣ ቅሬታ ሲመጣ ማን እንደሚደውል በዕቅዱ ላይ መጻፍ አለበት።

መለካትና መታመን

በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ይሠራል። የተለመደው ስሌት ኮሜንት፣ ሼርና ምላሽ የሰጡትን ደምሮ ላዩት ሰዎች ቁጥር አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። አንድ ልጥፍ 2,000 ሰው አይቶት 60 ቢሳተፉበት 3 በመቶ ይሆናል። ይህ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ካለፈው ወር ጋር ሲወዳደርና ከተቀመጠው የ30 ትእዛዝ ግብ አጠገብ ሲቀመጥ ይናገራል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የሰዎችን የእርስ በርስ ውይይት ለሚያስነሣ ልጥፍ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ካስታወቀ ወዲህ የውይይት ዋጋ የበለጠ ከፍ ብሏል። በገንዘብ የተገዛ ተከታይ አይወያይም፣ አያዝም፤ የተከታዩን ቁጥር ብቻ ያሳድጋል።

ታዳሚን ማወቅ ኃላፊነትም ያመጣል። ያቺ ሻጭ የደንበኞቿን ስልክና የቤት አቅጣጫ ይዛለች፤ ሪያድ ያለችው ልጅ የእናቷን ቤት አደራ ሰጥታታለች። የሰዎችን ምስል ሳያስፈቅዱ መለጠፍ፣ ስልካቸውን ለሌላ ነጋዴ ማስተላለፍ ያንን አደራ መብላት ነው። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ጉዳዩ የሕግም ነው። ከሕጉ በፊት ግን የመተማመን ጉዳይ ነው።

ወደ ጥሩምባ ነፊው እንመለስ። ሰፈሩ ሰምቶ ሲወጣ በብዙ እድር ያው ሰው ድንኳን ሲተክል፣ አግዳሚ ሲደረድር ይገኛል። ጠርቶ አልጠፋም። እኛም ሰው ጠርተን ሲመጣ በቦታችን ካላገኘን፣ በሚቀጥለው ጥሩምባ ማንም በሩን አይከፍትልንም።