ሁዳዴና ነፍሰ ጡሯ እናት

ዐቢይ ጾም ሲገባ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የቤቱ ሥርዓት ይለወጣል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም የወተቱ ዕቃ ታጥቦ ይሰቀላል፤ ቅቤው ይከደናል፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ተልባውና ስልጆው በየተራ ገበታ ላይ ይቀርባል። ወራቱ የበቆሎ ማሳ የሚታረስበት፣ ምንጭም የሚሳሳበት በመሆኑ የሴቷ ድካም ከሌላው ጊዜ አያንስም። በ55ቱ ቀን ጾም ለቤተሰቡ የምታዘጋጀውም፣ አብራ የምትጾመውም እርሷ ናት።

ጌታ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ስስትን፣ ትዕቢትንና ፍቅረ ንዋይን ድል እንደ ነሣ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ስስትን ማንም ያውቀዋል። ትዕቢት ግን የጾም ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ጌታ ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር የተጠየቀው መላእክት ይደግፉሃል ተብሎ ነበር። አካልን ለአደጋ አጋልጦ እግዚአብሔር ያውጣኝ ማለት ራሱ ፈተና መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ እንስራ የሚሸከሙ ነፍሰ ጡሮች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዷ ከልቧ ፈጣሪዋን ፈርታ ነው። ሌላዋ ግን የምትፈራው የጎረቤትን አፍ ነው፤ «ጾም ገደፈች» እንዳትባል ሆዷ ውስጥ ያለውን ሕፃን አብራ ታስርባለች። የጤና ባለሙያዎች ነፍሰ ጡር ከዘወትሩ በተጨማሪ በቀን አንድ ጊዜ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ጊዜ እንድትመገብ ይመክራሉ። ይህ ሲጓደል ደም ማነስ ይከተላል፤ እናቲቱ በወሊድ ጊዜ አቅም ታጣለች፤ ሕፃኑም ክብደቱ ሳይሟላ ሊወለድ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ርኅራኄ አላት። እናቲቱ ሁኔታዋን ለንስሐ አባቷ ብትገልጽ እንደ አቅሟ ይፈቅዱላታል። ታዛዥነት «ጹሚ» ሲባሉ መጾም ብቻ ሳይሆን «ብዪ» ሲባሉም መብላት ነው። ፈቃድ አግኝታ በስውር የምትጾም ሴት ለአባቷ ቃል ሳይሆን ለራሷ ፈቃድ ታዛለች።

ባልም ራሱን መመርመር አለበት። ሥጋና ቅቤ ትቶ ሚስቱን በቁጣ የሚያስለቅስ ሰው ምኑን ጾመ? ምስሩንና ሽምብራውን ሁሉ ገበያ አውጥቶ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ አንድ ቁና ያላስቀረስ ሦስተኛውን ፈተና አለፈው ይባላልን? በሁዳዴ እንስራውን ከትከሻዋ መቀበል፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድ ለባል መልካም ጾም ነው። አማትና ጎረቤትም የምትበላውን እናት በዐይን ከመከተል ቢቆጠቡ አንደበታቸውን አስጾሙ ማለት ነው።

ከሁዳዴ ሳምንታት ስድስተኛው ገብር ኄር ይባላል፤ አደራውን በታማኝነት የጠበቀው በጎ አገልጋይ የሚታሰብበት ነው። ለነፍሰ ጡር እናት በእጇ ካለው አደራ ሁሉ በማኅፀኗ ያለው ሕፃን ይቀድማል። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ጾሙ ሳይገባ የንስሐ አባታችሁንም የጤና ባለሙያችሁንም አማክሩ፤ የተነገራችሁንም ያለ ኀፍረት ፈጽሙ።