የስዕል ፋኖስ

ደምበጫ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ በአውራ ጎዳናው ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ሰው ቀኑን በእርሻ ይውላል። ተሰብስቦ ለመማር የሚመቸው ማታ ነው። ማታ ደግሞ ጨለማ ነው። ጨለማ ግን ለአንድ ነገር ይጠቅማል፤ ስዕልን በብርሃን ለማሳየት ይመቻል። ይህን የሚሠራው መሣሪያ የስዕል ፋኖስ ይባላል።

የስዕል ፋኖስ ምንድን ነው?

በስዕል ፋኖስ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው መብራት ነው። ሁለተኛው ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ላይ የተሣለ ትንሽ ስዕል ነው። ሦስተኛው አጉሊ መነጽር ነው። ብርሃኑ በስዕሉ ውስጥ ያልፋል። ከዚያም በአጉሊ መነጽሩ በኩል ወጥቶ ፊት ለፊት በተሰቀለ ነጭ ጨርቅ ላይ ያርፋል። ትንሹ ስዕል በጨርቁ ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል።

መሣሪያው የቆየ ነው። ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ በ1659 እ.ኤ.አ. ለዚህ ፋኖስ የሚሆኑ ስዕሎች ሥሎ ነበር። የሣለውም የሰው አፅም ነው፤ አፅሙ የገዛ ራሱን ከአንገቱ ሲያነሳ ያሳያል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ፋኖሱን ከጨርቁ ጀርባ ደብቀው ሕዝብ ያስፈራሩበት ነበር። ፈረንጆችም «የአስማት ፋኖስ» ይሉታል።

በእኛም አገር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በጨርቅ ላይ ሰው ሲራመድ ያየ፣ አሠራሩን ግን ማንም ያላስረዳው ሰው ሌላ ምን ይበል? ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ ስዕሉን ከማሳየታችሁ በፊት ሣጥኑን ከፍታችሁ አሠራሩን ለሰው አሳዩ።

እንዴት ይሠራል?

አንድ ካርቶን፣ ደማቅ የእጅ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ ጥርት ያለ ላስቲክ፣ ስስ ነጭ ወረቀትና ነጭ አቡጀዲ አዘጋጁ። ጋቢ አይሆንም፤ ክሩ ወፍራም ስለሆነ ስዕሉን ያደበዝዛል።

ስዕሉን በላስቲኩ ላይ በማይለቅ ቀለም ሳሉ። ባትሪውን ከካርቶኑ ኋላ አስገቡ። ብርሃኑ እኩል እንዲዳረስ ስሱን ወረቀት ከባትሪው ፊት ለጥፉ። ስዕሉን ከወረቀቱ ፊት አቁሙ። አጉሊ መነጽሩን በተጠቀለለ ካርቶን ጫፍ ላይ እሰሩ፤ ጥቅሉንም በካርቶኑ የፊት ቀዳዳ አስገቡ። ስዕሉ ከደበዘዘ፣ ጥርት እስኪል ድረስ ጥቅሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ።

ኩራዝ ወይም ሻማ በካርቶን ውስጥ እንዳታስገቡ። ቤት ያቃጥላል።

ከስዕሉ እስከ አጉሊ መነጽሩ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከአጉሊ መነጽሩ እስከ አቡጀዲው 2 ሜትር ቢሆን፣ ስዕሉ 20 እጥፍ ያድጋል። አራት ሳንቲ ሜትር የነበረው 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከክንድ ተኩል ይበልጣል። ፋኖሱን እያራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ስዕሉ ይሰፋል፤ ብርሃኑ ግን ይደክማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ አታርቁት። ሰዉ ብዙ ከሆነ በየተራ ይግባ።

ለምን ይገለበጣል?

በበር ቀዳዳ የገባ ብርሃን በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ አይታችሁ ይሆናል። በደጅ የሚያልፈው ሰው በግድግዳው ላይ ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ይታያል። ለምን ቢባል፣ ብርሃን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። ከላይ የመጣው በቀዳዳዋ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች የመጣውም ወደ ላይ ይወጣል። በስዕል ፋኖስም ስዕሉ እንዲሁ ይገለበጣል። ስለዚህ ስዕሉን ስታስገቡ ገልብጣችሁ አስገቡ። ያን ጊዜ በአቡጀዲው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ምን እናሳይ?

ደምበጫ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። «ንዳድ የቆላ በሽታ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የአገራችን ክፍል ተዛምቶ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ስለዚህ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ትንኟ ሳትበዛ፣ አራት ስዕሎች አሳዩ። አንደኛው የቆመ ውሃ፣ ሁለተኛው የወባ ትንኝ፣ ሦስተኛው የተዘረጋ አጎበር፣ አራተኛው ትኩሳት የያዘው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ይሁን።

በሁለተኛው ስዕል ላይ ተጠንቀቁ። የወባ ትንኝ ስታርፍ ጭራዋን ወደ ላይ ታነሳለች፤ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። የምትለየውም በዚህ ነው። ስዕሉን ሳትገለብጡ ካስገባችሁት ጭራዋ ወደ ታች ይሆናል። ሰውም የተሳሳተ ነገር ተምሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ክንድ ተኩል የምታህል ትንኝ ያየ ሰው፣ «ይቺማ የኛ አገር ትንኝ አይደለችም፤ የኛዎቹ ትንንሾች ናቸው» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ከትንኟ ጎን አንዲት የስንዴ ፍሬ ሳሉ። በቁመት ይቀራረባሉና እኩል አድርጋችሁ ሳሏቸው። ስንዴን የማያውቅ ገበሬ የለም። ስንዴዋ እንዲያ ገዝፋ ሲያያት፣ ትንኟንም ያገዘፋት ፋኖሱ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። በየስዕሉ ቆም እያላችሁ፣ «ምን ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲያበቃ ከተመልካቾቹ አንዱ መጥቶ ስዕሉን በገዛ እጁ ያስገባ። በእጁ የሠራውን ነገር ሰው አይፈራውም።

ተወያዩበት

1. በአቡጀዲው ላይ ያለው ስዕል ለምን ይገለበጣል?
2. ከትንኟ ጎን የስንዴ ፍሬ የሚሣለው ለምንድን ነው?
3. በቀበሌያችሁ ውሃ የሚቆምበት ቦታ የት የት ነው?