መኪናው ቀኑን የት ይውላል?

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ቤት ለእንኳን ደስ ያለህ ሲኬድ ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ላይ ይወጣል። «ሶላር ለምን አትተክልም? ነዳጅ የለ፣ የመብራት ሂሳብ የለ!» ይላል አንዱ። ሌላው ሜሪላንድ ያለች እህቱ በዚሁ መንገድ መኪናዋን በነፃ እንደምትሞላ ይመሰክራል። ሦስተኛው ደግሞ የዕቃው ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ሰማይ መውጣቱን ያስታውሳል። ሁሉም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ባለመኪናው ግን ምን ያድርግ?

በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በጥር 2016 ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ካስታወቁ ወዲህ ጥያቄው የጥቂት ባለጠጎች መሆኑ ቀርቷል። መኪና መግዛት የሚያስብ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ስለ ሶኬት ማሰብ አለበት። ክርክሩ ግን አሁንም «ስንት ፓኔል? ስንት ብር?» ከሚለው አልወጣም። ለእኔ ሁለቱም ሁለተኛ ጥያቄዎች ናቸው።

የፀሐይ እጥረት የለብንም። አዲስ አበባ ላይ ጥላ የማያርፍበት የ1 ኪሎዋት ፓኔል፣ ክረምቱም በጋውም ታስቦ፣ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል። ከተማውን የሞላው የቮልስዋገን አይዲ ፎር 100 ኪሎሜትር ለመሄድ ከ16 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሥራ ውሎ የሚመለስ ሰው በቀን 40 ኪሎሜትር ነዳ እንበል። 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት 8 ይሆናል። ይህን ለማምረት አራት ባለ 550 ዋት ፓኔሎች ይበቃሉ። አራቱ የሚይዙት ቦታ 10 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ መኝታ ክፍል ጣሪያ አይበልጥም።

የሶላር ሻጩ ይህን ስሌት በወረቀት ጽፎ ሲያሳይ አልዋሸም። ያላነሳው ነገር ቢኖር መኪናው ጠዋት 1 ሰዓት ከግቢ ወጥቶ ማታ 1 ሰዓት መመለሱን ነው። ፓኔሉ ዋና ሥራውን የሚሠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት መኪናው ሜክሲኮ ወይም ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ሥር ቆሟል። ሰኞም እንዲህ፣ ማክሰኞም እንዲህ፣ ዓርብም እንዲህ ነው። በጉዳዩ ላይ ከሚነገረው ሁሉ ክብደቱን ያህል ያልተነገረለት ይህ ተራ ነገር ይመስለኛል።

የሜሪላንዷ እህትም እኮ መኪናዋን ቀን ይዛ ትወጣለች። ለእሷ ግን ቀን ጣሪያዋ ላይ የተመረተው ኃይል ወደ ሕዝቡ መስመር ይገባና ከሂሳቧ ይቀነስላታል፤ ማታ ስትመለስ ያንኑ ከመስመሩ ትወስዳለች። የጠቀማት ጣሪያዋ ብቻ ሳይሆን ሕጉም ጭምር ነው። ሕጉ ሲለወጥ ስሌቱም ይለወጣል። ካሊፎርኒያ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ለሚመዘገቡ አዲስ ደንበኞች ወደ መስመር ለሚልኩት ኃይል የምትከፍለውን በጣም ስለቀነሰች እዚያ ያሉ ባለሶላሮች አሁን የሚመከሩት መኪናቸውን በቀን እንዲሞሉ ነው።

እኛ ጋ ተራው ቤት የተረፈውን ኃይል ሰጥቶ ከሂሳቡ የሚያስቀንስበት የተለመደ አሠራር የለም። እንዲያውም አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ ወደ ውጭ የወጣውን ኃይል እንደ ተበላ ይቆጥረዋል። ሰጥተው ይከፍላሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ሻጩ ወደ ባትሪው ይመጣል። የቀኑን 8 ኪሎዋት ሰዓት እስከ ማታ ለማቆየት እያንዳንዳቸው 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዙ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። ኃይሉ ወደ ባትሪው ሲገባ፣ በኢንቨርተር ሲወጣ፣ መኪናው ውስጥ ተመልሶ ሲገባ ከአምስት እጅ አንዱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ አራቱ ፓኔሎች አምስት ወይም ስድስት ይሆናሉ። የሚሞላው መኪና ራሱ በጎማ የሚሄድ ባትሪ መሆኑን ልብ ይሏል። ባትሪን ለመሙላት ሌላ ባትሪ፣ ያውም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22፣ 2016 በኋላ ባለው የዶላር ዋጋ! መንግሥት ነዳጅ ለምን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል ብሎ ያመጣው መኪና በየቤቱ ሌላ የውጭ ምንዛሪ ዕቃ ሲያስከትል ጥቅሙ ከየት እንደሚታሰብ ግልጽ አይደለም።

ቅዳሜና እሑድስ? መኪናው ቤት ስለሚውል ነገሩ የሚሠራ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እዚህም እንቅፋት አለ። የመኪና ቻርጀር ከ6 አምፒር በታች ወርዶ አይሠራም፤ በ220 ቮልት 1.3 ኪሎዋት ገደማ ማለት ነው። አራቱ ፓኔሎች በስም 2.2 ኪሎዋት ቢሆኑም ሙቀቱና ኢንቨርተሩ የሚበሉት ተቀንሶ እኩለ ቀን ላይ 1.8 ቢሰጡ ጥሩ ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ደመና ሲመጣ ኃይሉ ቻርጀሩ ከሚፈልገው ዝቅተኛ ልክ በታች ይወርድና ቻርጁ ይቋረጣል፤ ደመናው ሲያልፍ ደግሞ እንደገና ይነሳል። ሲስተሙ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር የተጣመረ ከሆነ ጉድለቱን ከመስመሩ ይሞላል፤ ለብቻው የቆመ ከሆነ ግን የቤቱን ባትሪ ይመጠምጣል። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከሆነማ ወሬም የለው።

ሌላው የኧርዝ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ከኢንቨርተሩ ወደ ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ መብራት ይበራና ቻርጀሩ እምቢ ይላል። ከመስመር የተነጠለ ኢንቨርተር ኒውትራሉ ከኧርዝ ጋር ካልተያያዘ ቻርጀሩ የመሬት መስመር የሌለ ይመስለዋል፤ ቤቱ ከነጭራሹ ኧርዝ ያልተቀበረለትም ይሆናል። አንዳንድ ሠራተኛ ሽቦ አጠላልፎ ቻርጀሩን «ይሸውደውና» ያስነሳዋል። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ከግቢ ማስወጣት ነው። ያ ቀይ መብራት ዝናብ በረጠበው ግቢ ውስጥ የመኪናውን በር የሚነካውን ልጅ ለመጠበቅ የተሠራ ነው።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው የመስመሩን ኃይል ዋጋ ቢያስታውስ አይከፋም። የታሪፍ ማሻሻያው በመስከረም 2017 ከመጀመሩ በፊት ብዙ የሚጠቀም ቤት እንኳ ለኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። የወሩ 240 ኪሎዋት ሰዓት በዚያ ዋጋ 600 ብር አይሞላም ነበር። ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በደረጃ እንዲያድግ ስለተወሰነ ይህ ሂሳብ እየጨመረ ነው፤ ወደፊትም ይጨምራል። ያም ሆኖ የባትሪውን ዋጋ በመብራት ሂሳብ ቁጠባ ለመመለስ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። «ንጹሕ ኃይል» የሚለውም ምክንያት ሌላ አገር ያለውን ጉልበት እዚህ የለውም፤ የእኛ መስመር ቀድሞውኑ በአብዛኛው የውሃ ኃይል ነው።

እውነተኛው ምክንያት የመብራት መጥፋት ነው። ሰው የሚፈራው ጠዋት ተነስቶ መኪናው ባዶ እንዳይሆንበት ነው። ይህ ፍርሃት የዋዛ ባይሆንም በልኩ መታየት አለበት። ትልቁ የአይዲ ፎር ባትሪ 77 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠቅማል፤ በቀን 40 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው ሳይሞላ ከሳምንት በላይ ያስኬደዋል። ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል እንኳ በ30 ኪሎዋት ሰዓቷ ብዙ ቀን ታዘልቃለች። መብራት ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ ፍሪጁ ይጎዳ ይሆናል፤ መኪናው ምንም አይሆንም። በቀን 200 ኪሎሜትር የሚነዳው የራይድ ሹፌር ጉዳይ የተለየ ነው፤ እሱን የሚያድነው ፈጣን የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ እንጂ የቤት ጣሪያ አይደለም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪማ ከጨዋታው ውጭ ነው። በ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት ጣሪያው የጋራ ነው፤ መኪና ማቆሚያውም እንዲሁ። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት የሚንጠለጠለውን ገመድ ያየ ሰው የዚህን ወገን ችግር ያውቀዋል። ሶላር ያላቸው ባለ ቪላዎች ናቸው፤ ችግሩ ግን የሁሉም ነው።

የሁሉም የሚያደርገው ትራንስፎርመሩ ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4፣ 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ሆኖም ግድቡ ባለበት ጉባ የተመረተው ኃይል ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ሳጥን በኩል ማለፍ አለበት። በ16 አምፒር የሚሠራ ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ከእንጀራ ምጣድ ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ከጋገሩ በኋላ መጥፋቱ፣ መኪናው ግን ለሰዓታት መቀጠሉ ነው። ባለ 32 አምፒሩ ደግሞ 7 ኪሎዋት ይወስዳል። ሠላሳ ባለመኪና ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይህን ቢሰካ 210 ኪሎዋት ይሆናል፤ ለሰፈሩ የተተከለው ትራንስፎርመር ባለ 315 ኪሎቮልት አምፒር ከሆነ ሁለት ሦስተኛው ሄደ። ቀሪው ሰፈር፣ መኪና የሌለው ጭምር፣ እራቱን የሚሠራው በተረፈው ነው። መብራቱ ሲደክም የሚከፍለው ያልገዛው ነው። ባትሪ የሌለው የጣሪያ ሶላር ይህን አያቃልልም፤ ጭነቱ የሚመጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነውና።

ፓኔሉ ግን መኪናው ወደሚውልበት ቢሄድስ? አንድ መኪና ለማቆም 2.5 በ5 ሜትር ቦታ ይያዛል፤ 12.5 ካሬ ሜትር። ቅድም የቆጠርናቸው አራት ፓኔሎች እዚያው ላይ ያርፋሉ። መሥሪያ ቤቶች በየግቢያቸው ለመኪና ጥላ ብለው የሚያቆሙት የቆርቆሮ ዳስ ፓኔል ቢለብስ፣ በየዳሱ ሥር የሚውለው መኪና የቀኑን 40 ኪሎሜትር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባትሪ አያስፈልግም። ማታ የሰፈሩን ትራንስፎርመር አይነካም። ከመኪናው የተረፈውን የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርና አሳንሰር ይበሉታል። ለሃያ ፎቅ ሕንፃ ይህ አይሠራም፤ ጣሪያው ለመኪናዎቹ ብዛት አይበቃም። ለዩኒቨርሲቲ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለቃሊቲና ለአቃቂ ፋብሪካና መጋዘን ግን የተመቸ ነው። ዛሬ በብዙ ግቢ ያለው ሁኔታ ግን ሠራተኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ጥበቃው መጥቶ መንቀል ነው። «ሂሳቡን ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱም አንዲት ትንሽ ቆጣሪ ናት።

በሐምሌና በነሐሴ ፓኔሉ በጣም ይዳከማል። ግድቦቹ የሚሞሉትም በእነዚሁ ወራት ነው። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀን ከጣሪያ የሚመጣው ኃይል ግድቡ ውሃውን ለማታ እንዲያቆይ ያስችለዋል። ለጣሪያ ፀሐይ የሚሆነው ትልቁ ባትሪ ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው። የጎደለው ከጣሪያ ወደ መስመር የሚገባውን ኃይል የሚቆጥርና ዋጋ የሚሰጥ አሠራር ነው። ይህ አሠራር እስካልተለመደ ድረስ ቤት የሚተከለው ሶላር ቀን የሚያመርተውን ለባዶ ጋራዥ ያመርታል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሌላው ሁሉ ይህን ቢያስቀድሙ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ባለመኪናው የሚያደርገው አያጣም። ሻጩ ጋ ከመሄድ በፊት መኪናው ከ3 እስከ 9 ሰዓት የት እንደሚቆም የሁለት ሳምንቱን ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ጡረታ የወጡ ወይም ቤት ሆነው የሚሠሩ ከሆኑና መኪናው አብዛኛውን ቀን ግቢ የሚውል ከሆነ፣ ከመስመሩ ጋር የሚጣመር ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ያለው ሶላር ያለ ትልቅ ባትሪ ይተከልልዎት፤ ገንዘብዎ አይባክንም። መብራት ሲጠፋ አምፖል፣ ዋይፋይና ፍሪጅ እንዲሠራልዎ ከፈለጉም ትንሽ ሲስተም ይበቃል፤ መኪናውን ግን አይጨምሩበት። ለቀረው ሰው የሚሻለው ከቆጣሪው የተነሳ ለብቻው የሆነ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ በባለሙያ የተቀበረ ኧርዝ፣ እንዲሁም ቻርጁን ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚያስጀምር ሰዓት ቆጣሪ ነው። ብዙ መኪና ሰዓቱን በራሱ ስክሪን ላይ ያስተካክላል፤ ለቀኑ 40 ኪሎሜትር በ16 አምፒር ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል።