ራቭፎር በግጭት ፈተና

ቶዮታ ራቭፎር እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ ሲቀርብ ለዓይን አዲስ ነበር፤ ቁመቱ እንደ ገጠር መኪና ከፍ ያለ፣ አሠራሩ ግን አካልና ሻንሲው አንድ ላይ የተበየደ፣ እንደ ቤት መኪና የቀለለ። ዛሬ «ራቭፎር ነው» ማለት ለብዙ ገዢ ከበቂ በላይ ዋስትና ነው። የደህንነት መዝገቡን ገልጦ ያየ ሰው ግን የሞዴል ዓመቱን ሳይጠይቅ አይገዛም።

ከመዝገቡ ጸሐፊዎች አንዱ በመድን ኩባንያዎች ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም ነው። ተቋሙ በ2012 ከባድ ፈተና ጀመረ። መኪናው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ በሹፌሩ በኩል ያለው የፊቱ 25 በመቶ ብቻ ከማይነቃነቅ ግንብ ጋር ይላተማል፤ ጥጉን ከዛፍ ወይም ከመብራት ምሰሶ ጋር እንደ መጋጨት ያለ ነው። ግጭቱን የሚችሉት ወፋፍራም ብረቶች ወደ መሀል ገባ ያሉ በመሆናቸው ጥጉ ሲመታ ብዙም አያግዙም። ጎማው ወደ ኋላ ይገፋል፤ የሹፌሩ እግር ማሳረፊያም ይጨፈለቃል።

የ2013 ራቭፎር በዚህ ፈተና ከአራቱ ደረጃዎች የመጨረሻውን፣ «ደካማ» የሚለውን አገኘ። በሹፌሩ ቦታ የተቀመጠው የመሞከሪያ አሻንጉሊት ግራ እግሩ በተጨማደደው ብረት ተይዞ ቀረ። ቶዮታ አካሉን አጠናከረና የ2015ቱ ሞዴል «ጥሩ» ተባለ።

በ2016 ተቋሙ ይህንኑ የተመሰገነ ሞዴል በጋቢና በኩል አጋጨው። ብረቱ በሹፌሩ በኩል ከገባው 33 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ገባ፤ በሩም ተከፈተ። ማጠናከሪያው ለሹፌሩ አድልቶ ኖሯል። በ2017 ተቋሙ ለጋቢናውም ወገን ራሱን የቻለ ደረጃ መስጠት ጀመረ።

የኋላ ወንበርም የራሱ ታሪክ አለው። በዚያው በ2016 ቶዮታ 2.87 ሚሊዮን ራቭፎርና ቫንጋርድ የተባሉ መኪኖቹን ለጥገና ጠራ። በከባድ የፊት ለፊት ግጭት የኋላው መቀመጫ ብረት የደህንነት ቀበቶውን ሊቆርጠው እንደሚችል ታውቆ ነበር። ጥገናው ቀላል ነው፦ ብረቱን በፕላስቲክ መሸፈን። ጥሪውን ያልሰማ ባለቤት መኪና ግን እስከ ዛሬ ሳይሸፈን ሊሽከረከር ይችላል።

ስለዚህ ያገለገለ ራቭፎር ሊገዙ ከሆነ፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ይጻፉ። መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ እንዳለበት በአገሪቱ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ካልሆነም የቶዮታ ወኪልን ይጠይቁ። ደላላው ስለ ሞተሩና ስለ ቀለሙ ሲነግርዎ፣ እርስዎ ስለ ዓመቱና ስለ ኋላ ቀበቶው ይጠይቁ።