በሬው ሳይሸጥ መድረስ
ድህነት የገቢ ማነስ ብቻ ሳይሆን ክፉ ቀን ሲመጣ ጥሪትን የሚያሳጣ ተጋላጭነት ጭምር ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ዝናብ ሲጓደል ቤተሰብ ለእህል መግዣ የእርሻ በሬውን ይሸጣል፤ በሬ ያጣ ገበሬም በቀጣዩ ክረምት ማሳውን ለሌላ አራሽ በእኩል ለመስጠት ይገደዳል። በዚህ መንገድ የአንድ ዓመት ረሃብ የብዙ ዓመታት ድህነት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ያለመ ነው። መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች እርከን በመሥራትና መንገድ በመጥረግ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛሉ፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ይደገፋሉ። በምርጫው የአካባቢው ነዋሪዎች ይሳተፋሉ፤ የጎረቤትን ችግር ጎረቤት ያውቀዋልና።

ድጋፉ ጥሪትን የሚያድነው ግን በሬው ከመሸጡ በፊት ሲደርስ ነው። ከውጭ አገር ለቤተሰብ ለሚላክ ገንዘብም ሚዛኑ ይኸው ነው፤ በጊዜው የደረሰ ጥቂት ከዘገየ ብዙ ይበልጣል።