ነፋስን ያደናገረ ሕንፃ

አንድ ሳፋ ውሃ ሙሉና የመጥረጊያ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡበት። እንጨቱን ላላ አድርጋችሁ ያዙትና ከሳፋው አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጎትቱት። ቀስ ካላችሁ ምንም አይሰማችሁም። ትንሽ ፈጠን ስትሉ ግን እንጨቱ እጃችሁ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መርገብገብ ይጀምራል። እናንተ የምትጎትቱት ወደ ፊት፣ እሱ የሚወዛወዘው ወደ ጎን! ከኋላው ያለውን ውሃ ልብ ብላችሁ ብታዩት ትናንሽ አዙሪቶች አንዴ ከዚህ ጎን፣ አንዴ ከዚያ ጎን፣ ተራ በተራ እየተላቀቁ ይሄዳሉ።

የዓለማችንን ረጅሙን ሕንፃ የነደፉትን ሰዎች እንቅልፍ የነሳቸው ነገር አሁን እጃችሁ ላይ ነው።

ስለ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ 828 ሜትር ለሚረዝመው የዱባዩ ቡርጅ ከሊፋ ትልቁ ጠላቱ ማን ይመስላችኋል? አብዛኛው ሰው «ክብደቱ ነዋ!» ይለኛል። ክብደት ግን ታማኝ ነው። ቀንም ሌሊትም ወደ ታች ብቻ ነው የሚጫነው፤ መጠኑም አስቀድሞ ተሰልቶ ይታወቃል። አርማታ ደግሞ ከላይ ሲጫኑት ቻይ ነው። ነፋስ እንዲህ አይደለም። ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ ይመጣል፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይበረታል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሕንፃው ራሱ ከመሬት እንደተተከለ ረጅም ዘንግ ስለሆነ፣ ጫፉ ላይ ያረፈች ትንሽ ግፊት እግሩ ስር ስትደርስ ከባድ ጉልበት ሆና ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ያ የሳፋው መርገብገብ ነው። ነፋሱ ሕንፃውን አልፎ ሲሄድ አዙሪቶቹ በተራ ይላቀቃሉ፤ በተላቀቁ ቁጥርም ሕንፃውን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይስቡታል። ማንኛውም ሕንፃ ደግሞ የራሱ የመወዛወዝ ምት አለው። ቡርጅ ከሊፋ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ብሎ ለመመለስ 11 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጣችሁ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? ጉልበት አይጠይቅም፤ ሰዓቷን መጠበቅ ብቻ ነው። ልክ በሚመለስበት ቅጽበት በጣታችሁ ጫፍ ብትነኩት እንኳ ዥዋዥዌው እየሰፋ፣ እየሰፋ ይሄዳል። የአዙሪቶቹ ምት ከሕንፃው ምት ጋር የገጠመ ዕለት የሚሆነውም ይኸው ነው። ሕንፃው ቢችለው እንኳ ላይኛው ፎቅ ላይ የተኛ ሰው ማቅለሽለሽ ይይዘዋል።

ዱባይ ከመድረሳችን በፊት ቺካጎ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፋዝሉር ካን ይባላል፤ የዛሬዋ ባንግላዴሽ ያፈራችው መሐንዲስ ነው፤ በእኔ እምነት በሙያው ከነበሩት ሁሉ የሚበልጥ። ከእሱ በፊት ረጅም ሕንፃ የሚቆመው እንደ ኤምፓየር ስቴት ነበር፦ የብረት ምሰሶና የብረት አግዳሚ እንደ መደርደሪያ እየተጋጠመ፣ የሕንፃው ሆድ በምሰሶ እየተሞላ። በዚህ መንገድ ቁመት ሲጨመር ነፋስን ለመቋቋም ብቻ የሚገባው ብረት ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል። ካን ጥንካሬውን ከሆዱ አውጥቶ ውጪኛው ግድግዳ ላይ አደረገው። ሸምበቆን አስቡት፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ቅርፊቱ ግን ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል። በ1969 ቺካጎ ላይ የቆመው ጆን ሃንኮክ ሴንተር ፊቱ ላይ ከታች እስከ ላይ የሚመሳቀሉ ግዙፍ ብረቶች አሉት። ለጌጥ የተደረጉ ይመስላሉ፤ ነፋሱን የሚሸከሙት ግን እነሱ ናቸው። በ1931 ያለቀው ኤምፓየር ስቴት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል 206 ኪሎ ያህል ብረት ፈጅቷል። 100 ፎቅ ያለው ሃንኮክ 145 ኪሎ ያህል በቃው።

ቀጥሎ ካን ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ቱቦዎችን እንደ እርሳስ እስር አንድ ላይ አድርጎ ሲርስ ታወርን 442 ሜትር አደረሰው። ዘጠኙ ቱቦዎች ግን እኩል አይረዝሙም፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ላይ ይቀራል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ካን በ1982 አረፈ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እሱ ይሠራበት ከነበረው ከስኪድሞር፣ ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል የንድፍ ድርጅት፣ አርክቴክቱ ኤድሪያን ስሚዝና መሐንዲሱ ቢል ቤከር የዱባዩን ሥራ ያዙ። ያኔ ታይዋን ውስጥ ታይፔ 101 ወደ 508 ሜትር እየወጣ ነበር፤ የመጀመሪያው የዱባይ ንድፍም ከእሱ ጥቂት ብቻ ነበር የሚበልጠው።

ቡርጅ ከሊፋን ከላይ ሆናችሁ ብታዩት ባለ ሦስት ክንፍ ነው፤ መሐሉ ላይ ሊፍቶቹን የያዘ ባለ ስድስት ጎን እምብርት አለ። ለምን ሦስት? ሰው የሚኖርበት ክፍል መስኮት ይፈልጋል፤ በጣም ወፍራም ሕንፃ ቢሠራ መሐሉ ያሉት ክፍሎች ጨለማ ይሆናሉ። ቀጭን ቢሆን ደግሞ ነፋሱ ያጎነብሰዋል። ሦስት ክንፍ ሁለቱንም ጣጣ በአንዴ ይፈታል፦ ክንፉ ቀጭን ስለሆነ ብርሃን ይገባል፤ እግሮቹ ስለተንሰራፉ ይጸናል። ሦስት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው፣ እግራቸውን አንፈራጠው ሲቆሙ አስቡ። አንዱን ስትገፉት ሁለቱ ይይዙታል። ድስት የሚጣደው ሦስት ጉልቻ ላይ የሆነውም ያለ ነገር አይደለም! መሐል ያለው እምብርት በበኩሉ ሕንፃው እንደ ተጨመቀ ልብስ እንዳይጠማዘዝ ይከላከላል። ቅርጹ ከአበባ የተወሰደ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ትሰማላችሁ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን እነዚሁ ሰዎች ቀደም ብለው ሴኡል ላይ በታወር ፓላስ 3 ባለ ሦስት ክንፍ ሕንፃ ሞክረው መምጣታቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሦስቱ ክንፎች ወደ ላይ ሲወጡ እኩል አይጠቡም። መጀመሪያ አንዱ ክንፍ ገባ ይላል፤ ጥቂት ፎቅ ከፍ ብሎ ሁለተኛው፤ ከዚያ ሦስተኛው፤ ከዚያ ተመልሶ የመጀመሪያው። እንዲህ እየዞረ 27 እርከን ይወጣል። የሲርስ ታወርን እኩል ያልሆኑ ቱቦዎች ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የአዙሪቶቹ ምት የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በነፋሱ ፍጥነትና በሕንፃው ስፋት። ሰፊ ሲሆን አዙሪቱ ቀስ ብሎ ይላቀቃል፤ ጠባብ ሲሆን ቶሎ ቶሎ። እያንዳንዱ እርከን ስፋቱ ከታችኛው ስለሚለይ፣ 40ኛው ፎቅ ላይ ያለው አዙሪት በአንድ ምት፣ 100ኛው ላይ ያለው በሌላ ምት ይላቀቃል። ከባድ ግንድ በደቦ ሲነሳ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሆ!» ብሎ ካልሳበ ግንዱ ከቦታው አይነቃነቅም። እዚህም ነፋሱ ጉልበት አላጣም፤ ያጣው ኅብረት ነው። ቤከር ይህን ነፋሱን ማደናገር ይለዋል።

ይህን ያወቁት በወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ጌልፍ በምትባል ከተማ የነፋስ ዋሻ አለ፤ ሕንፃውን አሳንሰው ሠርተው ነፋስ ይለቁበታል። ልኩ በአብዛኛው 1 ለ500 ነው። 828 ሜትርን ለ500 ብታካፍሉት 1 ሜትር ከ66 ሳንቲም ይመጣል፤ የአንድ ሰው ቁመት ማለት ነው! የዓለም ረጅሙ ሕንፃ በሰው ቁመት ቆሞ ነፋስ ሲያናውጠው ይታያችሁ። ከ40 በላይ ሙከራ ተደረገ። ነፋሱ የክንፉን አፍንጫ ፊት ለፊት ሲመታና ሁለት ክንፎች መሐል ሲገባ ሕንፃውን እኩል እንደማይጎዳው ታየ። ስለዚህ የዱባይ ብርቱ ነፋሶች ከሚመጡበት አቅጣጫ አንፃር ሕንፃውን መሬቱ ላይ አዙረው አስቀመጡት። የእርከኖቹን አወጣጥ ቀያየሩ፤ እንደገና ለኩ። ነፋሱ በቀለለ ቁጥር ቁመት ተጨመረ። ከ500 ሜትር ጥቂት በላይ የነበረው ንድፍ 828 የደረሰው በዚህ ዓይነት ነው።

ታይፔ 101 የተለየ መንገድ ሄደ። አውሎ ነፋስ የሚመላለስባት ከተማ ውስጥ ነው ያለው፤ የምድር መንቀጥቀጡም አለ። መጀመሪያ የሕንፃውን አራት ማዕዘኖች ስለታም ከመሆን አውጥተው እንደ መጋዝ ጥርስ ገባ ወጣ አደረጓቸው፤ ይህ ብቻውን የነፋሱን ኃይል በሩብ ያህል ቀነሰው። ቀጥሎ አናቱ አካባቢ 660 ቶን የሚመዝን የብረት ሉል በወፋፍራም ገመድ አንጠለጠሉ። ሕንፃው ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ሉሉ ወደ ኋላ ይቀርና ይጎትተዋል። በነሐሴ 2015 ሱዴሎር የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታው ያ ሁሉ ብረት አንድ ሜትር ያህል ተወዛወዘ። ቡርጅ ከሊፋ እንዲህ ያለ ሉል የለውም። ቅርጹ በቅቶታል፤ እኔንም የማረከኝ ይኸው ነው። 632 ሜትር የሆነው የሻንጋይ ታወርም ወደ ላይ 120 ዲግሪ ያህል እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ የነፋሱን ጫና በ24 በመቶ ቀንሷል።

ስለ ቡርጅ ከሊፋ እግርም ትንሽ ልበል። ከስሩ ያለው ጠንካራ ዐለት አይደለም፤ ለስለስ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ስለዚህ 192 የአርማታ ምሰሶዎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ተኩል ውፍረት ያላቸው፣ ወደ ምድር ገቡ። ምሰሶዎቹ ጭነቱን የሚሸከሙት በአብዛኛው ጎናቸው ከመሬቱ ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ነው፤ ሚስማር በእንጨት ውስጥ እንደሚይዘው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ደግሞ ከባሕር ውሃ ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ፣ ብረቱ እንዳይበላ ለብቻው መከላከያ ተሠራለት።

ከዚያ አርማታው። የዱባይን የበጋ ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አርማታ እዚያ ሐሩር ውስጥ ሳይፈስ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በበጋ የሚሞላው ሌሊት ነበር፤ ውሃው ውስጥም በረዶ ይጨመርበት ነበር። እየተገፋ በቧንቧ ወደ ላይ ወጣ፤ 606 ሜትር ድረስ። ከዚያ በላይ ያለው ጫፍ ብረት ነው፤ የገባውም እንደ ተረት ነው፦ ከ4,000 ቶን በላይ የሆነው ብረት ሕንፃው ውስጥ ተገጣጥሞ፣ በሃይድሮሊክ ኃይል ከውስጥ ወደ ላይ ተገፍቶ ወጣ፤ ብዕር ከሰገባው እንደሚወጣ።

ስለዚህ ጫፍ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰው ሊገባበት ከሚችለው የመጨረሻ ፎቅ በላይ 244 ሜትር ያህል የሚሆነው ማንም የማይኖርበት ነው። ያ ብቻውን ቢቆም ትልቅ ሕንፃ ይሆን ነበር። የእርከኖቹ ጥበብ ሕንፃውን አቁሞታል፤ ጫፉ ግን ለክብረ ወሰን ነው። ከዚህ የሚከብደኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሥራው በተጧጧፈበት ወቅት በቀን ከ12,000 በላይ ሰዎች እዚያ ይውሉ ነበር፤ አብዛኞቹ ከደቡብ እስያ የመጡ ነበሩ። በመጋቢት 2006 በክፍያቸውና በአያያዛቸው ተማርረው ተነስተው ነበር። የንድፉ ውበት ሲወራ የእነሱ እጅ መረሳት የለበትም። በረዶ የተጨመረበትን አርማታ በሌሊት ያፈሰሱት እነሱ ናቸው።

ከፍታው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ካልገባችሁ በረመዳን አስቡት። ከላይ ያለ ሰው አድማሱ ስለሚሰፋለት ፀሐይ ከምድር ሰዎች ዘግይታ ነው የምትጠልቅበት። በ2011 የዱባይ የሃይማኖት አባቶች ከ80ኛ እስከ 150ኛ ፎቅ የሚኖሩ ሰዎች ጾማቸውን 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ደግሞ 3 ደቂቃ ዘግይተው እንዲያፈጥሩ አስታወቁ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ምሽት፣ ፀሐይ ሦስት ጊዜ ትጠልቃለች!

ዱባይ የምትኖሩ ወይም በትራንዚት የምታልፉ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዓይናችሁን ቶሎ ወደ ጫፉ አትውሰዱ። አንዱን ክንፍ ምረጡና ከታች ጀምራችሁ ተከተሉት። የት ላይ ገባ አለ? ቀጥሎ የትኛው ክንፍ ገባ? ሦስት አራት ዙር ስትቆጥሩ ያንን ጠመዝማዛ ደረጃ ታገኙታላችሁ።

ሳዑዲ ዓረቢያ ጅዳ ውስጥ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ እንዲሆን የታሰበ ሕንፃ እየተሠራ ነው። በ2013 ተጀምሮ በ2018 ቆመ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሥራው እንደገና ቀጠለ። ነዳፊው ያው ኤድሪያን ስሚዝ ነው፤ ሦስቱም ክንፎች አሉ። እርከኖቹ ግን የሉም። እያንዳንዱ ክንፍ ከታች እስከ ላይ በዝግታ፣ ሳይቋረጥ እየሾለ ይሄዳል፤ አንዱ ፎቅ ከታችኛው በጥቂቱ ይጠባል። ነፋሱ እዚያ ሲደርስ ሁለት እኩል ፎቆች ቢፈልግ አያገኝም።